ከእናት በኩል

ኅዳር 4

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤሽ በጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ባለቤት እጅ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍሽን እንዳየሁ ቤት እስክደርስ አልታገሥኩም፤ እዚያው ከደብተሮቹ መደርደሪያ ጀርባ ቆሜ ከፈትኩት። ባለሱቁ የድሮ ተማሪዬ ነው። ምንም አልጠየቀኝም፣ ወንበር ብቻ አቀረበልኝ። ከእንግዲህም በእሱ በኩል ጻፊልኝ። ስልክ አትደውዪ። የቤቱን ስልክ የምታነሳው አማትሽ ናት፤ ድምፅሽን ስትሰማ ምን እንደምታደርግ ሁለታችንም እናውቃለን።

አንቺና የልጅ ልጄ ሚጡ ደህና መሆናችሁን በመጀመሪያው መስመር ላይ ስለጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። ባልሽ ከሞተ ወዲህ ፖስታ ስከፍት ዓይኔ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። እኛ አለን። አማትሽን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። የባልሽ ወንድም ብረቱም ያው ብረቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው በር ሲበይድ ይውላል፣ ማታ ብቅ ብሎ እራቱን በልቶ ይሄዳል። በልጅነቱ ታሞ ከትምህርት ቤት ስለማይቀር ያወጣንለት ስም እስከ ዛሬ ያኮራዋል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሆስፒታሉ የባልሽን ደም አስቀምጦ መቆየቱን ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ፈቃዱን የፈረምሽው አንቺ ነሽ፤ በዚያ ሰሞን ግን የሚፈርመውን አንብቦ የሚፈርም ሰው አልነበረም። ያ የሳል ወረርሽኝ ጎረምሶችን ለምን እንደገደለ የሚያጠኑት ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ጠርተው «አንድ ነገር አገኘን» ካሉሽ፣ ያ አንድ ነገር ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ አለብኝ። «የሰውነት መከላከያ ጂን ላይ ጉድለት አለ» ብለሽ ጽፈሻል። ይህ አይበቃኝም። ጂኑ በየትኛው ክሮሞዞም ላይ ነው? ሐኪሟ ያለችውን በራሷ ቃል ጻፊልኝ። አታሳምሪው፣ አታሳጥሪውም።

ከማን በኩል እንደመጣ ለጠየቅሽኝ አሁን አልመልስልሽም። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ትምህርት ስለሆነ ሳላረጋግጥ መገመት አልወድም።

ለአማትሽ ልንገራት ወይ ላልሽኝ ግን መልሴ አጭር ነው። አትንገሪያት።

አባትሽ

ኅዳር 13

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ያሉኝን አድርጌያለሁ። ሐኪሟ ስትናገር ጉልበቴ ላይ ወረቀት ዘርግቼ እንደ ተማሪ ጻፍኩ። «ጋዜጠኛ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ አማቼ መምህር ናቸው» ስላት ሳቀችና ቀስ ብላ ተናገረችልኝ።

«ሰውነታችን ውስጥ ቫይረስ መግባቱን የሚያሸት ጠባቂ አለ» አለች። «ሲያሸት ይጮሃል፣ ሌሎቹ ይነሳሉ። የባልሽ ጠባቂ ድምፅ አልነበረውም።»

«ታዲያ እስከዚያ ዕድሜው እንዴት ኖረ? ጉንፋን እንኳ ሲይዘው ሥራ አይቀርም ነበር።»

«ጠባቂው አንድ ብቻ አይደለም። ለተለመደው ጉንፋን ሌሎቹ ይበቃሉ። ለዚህኛው ግን አልበቁም። እስኪነቁ ሳንባው ተይዟል።»

ጂኑ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው አለችኝ። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሸፍናል፤ ወንድ ግን ያለው ያው አንዱ ነው። ቀጥዬ የጻፍኩትም ቃል በቃል የሷ ነው፦ «ይህ ያለበት ወንድ ሁሉ በጠና ይታመማል አልልሽም። ዕድሜም አለ፣ ሌላም ሌላም ነገር አለ። ሟቹ ግን ወንድም ካለው፣ እሱ ጋ የመኖሩ ነገር ግማሽ በግማሽ ነው። ደሙን አምጪልኝ።»

ከማን በኩል እንደሆነም ነገረችኝ። እርስዎም ገና «በየትኛው ክሮሞዞም ላይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ገብቶዎት ነበር አይደል? ከእናት በኩል ነው።

አባባ፣ አልደብቅዎትም። ያን ዕለት ማታ ደስ አለኝ። በቀብሩ ማግስት እማማ ሰው ሁሉ ፊት ያሉኝን ያስታውሳሉ። «የአውቶቡስ ትኬት ከምትቆርጪበት መስኮት ይዘሽው ገባሽ፤ አንቺ አስነጥሰሽ ተነሣሽ፣ ልጄን ቀበርነው» ነበር ያሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ላይ ሰው በሳለ ቁጥር ይህ ቃል ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። እና ደስ አለኝ። ጠዋት ስነሣ ግን ሚጡ አባቷ የሠራላት ሣጥን ላይ ቆማ ፊቷን ስትታጠብ አየኋትና ደስታው ጠፋ።

የብረቱን ደም ይላኩልን። ሳሉ እዚህ ተመልሶ መጥቷል። መሥሪያ ቤታችን የትኬት መስኮቶቹን ግማሽ ዘግቷል።

ልጅዎ

ኅዳር 22

ልጄ፣

ስለዚያ ማታ ደስታሽ ይቅርታ አትጠይቂኝ። ሰው የተሸከመውን ሲያወርዱለት ትከሻው ይቀለዋል፣ ሌላ ምንም የለውም።

ከዚያ በኋላ በላክሽው አጭር ወረቀት «ሰጠ ወይስ አልሰጠም?» ብለሻል። አልሰጠም። እንዴት እንዳልሰጠ ልንገርሽ።

ወደ ሥራ ቦታው ሄድኩ። የሱቅ በር አጋድሞ ይበይዳል።

«ደም ትሰጣለህ» አልኩት።

«ለማን?» አለ፣ የፊት መከላከያውን ሳያነሣ።

«ለራስህ።»

«አባዬ፣ እኔ ደም አለኝ።» ሠራተኞቹ ሳቁ።

ወደ ጥግ ወስጄ በባልሽ ደም ውስጥ የተገኘውን አስረዳሁት። ከማን በኩል እንደሆነ ግን አልነገርኩትም፤ «ከቤተሰባችን ነው» ብቻ አልኩት። ሰማኝና፣ «ታዲያ ብረቱ ያላችሁኝ ለቀልድ ነው?» አለ።

«ወንድምህም ቁም ሣጥን ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣ ነበር።»

ያን ጊዜ የፊት መከላከያውን አነሣው። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። «እማዬ ሳሉን ያስገባችው ሚስቱ ናት ትላለች። አንተ ደግሞ የደማችን ነገር ነው ትላለህ። የማንን ልመን? መጀመሪያ ሁለታችሁ ተስማሙ፣ ከዚያ በባልዲም ቢሆን እቀዳላችኋለሁ።» ብሎኝ ወደ በሩ ተመለሰ።

ልክ ነው። እናቱ አንድ ቃል ብትለው ዛሬውኑ እጅጌውን ይሰበስባል። ስለዚህ ለአማትሽ መንገር ግድ ሆነ። እንዴት እንደምነግራት ስብሰለሰል ሰነበትኩ። እሷ እስካሁን የልጇን ሸሚዞች አውጥታ ትተኩሳለች፤ ተኩሳ አጥፋ ትመልሳቸዋለች። «ያንን ነገር ለልጅሽ የሰጠሽው አንቺ ነሽ» ብላት ከዚያ ወዲያ የምትተኩሰው ሸሚዝም፣ የምትነሣበት ጠዋትም የሚኖራት አይመስለኝም።

ስለዚህ ከእኔ በኩል ነው ልላት ነው። ሐሰት መሆኑን አንቺም እኔም እናውቃለን። ብትጠይቅሽ ቃልሽ ከቃሌ አንድ እንዲሆን እለምንሻለሁ።

አባትሽ

ታኅሣሥ 1

አባባ፣

ይህን የምጽፈው ሁለት ወረቀት ቀድጄ ነው። የመጀመሪያው ስድብ ነበረበት፣ ሁለተኛው ልቅሶ።

ሁለት ዓመት ያላጠፋሁትን ተሸከምኩ። አሁን እውነቱ ሲወጣ ደግሞ እሱን ደብቄ ውሸት እንድሸከም ይለምኑኛል። ያውም እርስዎ! «ከረጅም ዕድሜ ያገኘሁት እውቀት ይህ ብቻ ነው፣ ያልተጣራ አትናገሩ» እያሉ ልጆችዎን ያሳደጉት። ባሌ ይህን አባባልዎን በእርስዎ ድምፅ አስመስሎ ሲያሾፍ እንዴት እንደሚያስቀን ትዝ ይለኛል።

እሺ። እላለሁ። ብረቱ ደሙን ከሰጠ ያሉኝን ሁሉ እላለሁ። ለእማማ አይደለም፣ ለእሱ ስል ነው።

ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። በሁለቱም ደብዳቤዎ ይህ ነገር ሚጡን ይነካት እንደሆነ አንድ ቃል አልጻፉም። እርስዎ አንድ ነጥብ የማይዘሉ ሰው ይህን እንዴት ዘለሉት? ሐኪሟን ጠየቅኳት። ሚጡ ከአባቷ የወሰደችው ያንኑ አንድ ኤክስ ነው፤ ሌላ የሚሰጣት አልነበረውማ። የእኔ ስላላት እሷ አትታመምም አለችኝ። አንድ ቀን ወንድ ልጅ ብትወልድስ? ያን ጊዜ «ይህ ከየት መጣ?» ብላ ብትጠይቀኝ እሷንም እዋሻት?

ሐኪሟ ይህን እንዲያውቁ ብላለች፦ ብረቱን ካሳለው ወይም ካተኮሰው ደም አልሰጠሁም፣ ውጤት አልመጣም ተብሎ አይጠበቅ። መድኃኒቱ የሚረዳው መጀመሪያ ላይ ሲወሰድ ነው። ትንፋሽ ካጠረ በኋላ የኦክስጅን ነገር ነው። ወንድሙን ይዘን የሄድነው ትንፋሹ ካጠረ በኋላ ነበር፤ «ነገ ይሻለኛል» እያለን።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 8

ልጄ፣

ስለ ሚጡ ያልጻፍኩት ስላላሰብኩት አይደለም። የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ሳነብ ያሰብኩት እሷን ነበር። መልስ ስላልነበረኝ ዘለልኩት። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ቦታውን ባዶ ተውከው ብዬ ምልክት አደርግበት ነበር።

አሁን ሌላ ነገር ተፈጥሯል። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትናንት እራት ላይ ለአማትሽ ነገርኳት። የናፕኪን ወረቀት ላይ ሥዕል ሠራሁላት። ጠባቂውን፣ ሁለቱን ኤክስ፣ የወንዱን አንድ ኤክስ፣ ሴት ስለምን እንደማትታመም፣ ሁሉንም እንዳለ አስረዳሁ። ትምህርቱን ማጣመም አልቻልኩም፣ ልጄ። እጄ አልታዘዘኝም። የዋሸሁት መጨረሻው ላይ ብቻ ነው። «እናም ይህ ከእኔ በኩል የመጣ ነው» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሥዕሉን ወደ ራሷ አዞረችው።

«ሰባተኛው ጥያቄ» አለች።

«የምን ጥያቄ?»

«በየዓመቱ የምታወጣው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ አባት ጉድለቱን ለወንድ ልጁ ያወርሳልን? ዓይንህ እየደከመ ግማሹን ወረቀት ማን ነበር የሚያርምልህ?»

እሷ ነበረች። እዚያው ትምህርት ቤት ቋንቋ ታስተምር ነበር፤ የራሷን አርማ ስትጨርስ የእኔን ትወስድልኛለች።

«አያወርስም» አለች። «አባት ለወንድ ልጁ ኤክስ አይሰጥም። ይህን ለሳተ ስንቱን ልጅ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። ሰባተኛውን አንተው ራስህ ወደቅክ።»

ልናገር ስል እጇን አነሣችብኝ። ሥዕሉን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ እመርጥ ነበር። «ሐኪሟ ስለ ብረቱ ምን አለች?» ብቻ አለችኝ። ያልሽኝን ሁሉ ነገርኳት፣ «መጀመሪያ ላይ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ዛሬ ጠዋት ስነሣ የለችም። ኮቷም የለም፣ የጉልበቷ መደገፊያ ዱላም የለም። ብረቱ ስልኩን አያነሣም። ሥራ ቦታው ብሄድ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤቱ ቆርቆሮ ሠሪ፣ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስለዋል፤ የብረት ጭስ ነው ይለናል» አለኝ። ጠዋት አንዲት ሴትዮ መጥታ እዚያው ሠራተኞቹ ፊት ስትጮኽበት ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ ያየ የለም።

ይህን ደብዳቤ በምሽቱ አውቶቡስ እልከዋለሁ። አንቺ ጋ የሚመጡ ይመስለኛል። ካልመጡ የት እንደምፈልጋቸው አላውቅም።

አባትሽ

ታኅሣሥ 9

አባባ፣

እዚህ ናቸው። ሁለቱም። ይህን ወረቀት የሚያመጣልዎት ሾፌር የምናውቀው ነው፣ በእጅዎ ይሰጥዎታል። እማማ ስልክ እንዳልደውል ከልክለውኛል። «ይጠብቅ» ነው ያሉት። ምን ማለታቸው እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

ትናንት ከሰዓት «ቀጣይ» ብዬ ቀና ስል መስታወቱ ማዶ እሳቸው ቆመዋል። ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ተሰልፎ እሳቸውም ተራቸውን ጠብቀው ኖሯል። ሰላም አላሉኝም። በቀዳዳዋ በኩል ጎንበስ ብለው፣

«ሐኪሟ የት ናት?» አሉኝ።

ከኋላቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ብረቱ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ተቀምጧል። ከንፈሩ ቀለም የለውም። ሲያየኝ እጁን አነሣና፣ «ጎትታ አመጣችኝ። ደርሶ መልስ ቆርጠሽ ስጪኝ» አለ። ለመሳቅ ሲሞክር ሳሉ አስጎነበሰው።

መስኮቴን ዘጋሁት። አለቃዬ ከኋላ ሲጠራኝ ይሰማኛል፣ ሰልፉም ይጮሃል። አልዞርኩም።

መድኃኒቱን ጀምረውለታል። ደምም ወስደዋል፣ የእሱንም የእማማንም። «ጊዜው አላለፈም፣ ግን ገና ምንም ማለት አይቻልም» ብላኛለች ሐኪሟ። ከዚህ የበለጠ እኔም አላውቅም።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 14

ልጄ፣

ሾፌሩ በሰጠኝ ወረቀት ላይ አንድም ቦታ «ተስፋ» የሚል ቃል አልጻፍሽም። በዚህ አመንኩሽ።

ልምጣ ወይ ብዬ በላክሁት መልእክት «እማማ ቤቱን ጠብቅ ብለዋል» ብለሽ መልሰሽልኛል። እጠብቃለሁ። ቤቱ ውስጥ የምጠብቀው ነገር ግን የለም። ትናንት የባልሽን ሸሚዞች አውጥቼ ልተኩስ ሞከርኩ። አንዱን አንገትጌው ላይ አቃጠልኩት። አትንገሪያት። ወይም ንገሪያት፤ ከእሷ መደበቅ ምን እንደሚያተርፍ አይቻለሁ።

ሦስት ነገር መልሺልኝ። ይተነፍሳል? እሷ ትበላለች? አንቺን ምን አለችሽ?

አባትሽ

ታኅሣሥ 26

አባባ፣

መልስ ያዘገየሁት የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ ሳይሆን በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ነው። ዛሬ ጠዋት የጻፍኩት ማታ ሐሰት ይሆን ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ሐሰት አይወዱም፣ ከአንዷ በቀር።

ይተነፍሳል። ከዚያች የመጀመሪያ ሳምንት በኋላ ኦክስጅን አስፈልጎት ነበር፣ የመተንፈሻ ማሽን ግን አላስፈለገውም። ትናንት ጭምብሉን አወለቁለት። ነርሷን የመጀመሪያ ያላት ነገር ምን መሰለዎት? «የዚህ አልጋ መበየጃ ተሰብሯል፣ ማነው የሠራው?» ነው። ነርሷ አልገባትም። እኛ ኮሪደር ላይ ወጥተን እስኪያመን ሳቅን።

ውጤቱም መጥቷል። አለበት። እንደ ወንድሙ ነው። ያን ቀን በጊዜ ባይመጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ሐኪሟን ጠየቅኳት። «የማላውቀውን አልነግርሽም» አለችኝ፤ እርስዎን ሆና ታየችኝ።

እማማ ይበላሉ። ሚጡ ካጠገባቸው ስለማትነሣ ሳይወዱ ይበላሉ።

ምን አሉሽ ላሉኝ፣ ብዙ አላሉኝም። ብረቱ በጣም የጸናበት ቀን ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ወደ እኔ ዞር አሉና፣

«በዚያ መስታወት ስንት ሰው ይስልብሻል?» አሉኝ።

«ተቆጥሮ ያልቃል እማማ?»

«አንቺን ግን አልገደለሽም።»

«አልገደለኝም።»

«እኔንም ተሸክሜው ኖሬ አልገደለኝም» አሉ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁና ግማሹን ጉልበቴ ላይ ጣሉት፤ ኮሪደሩ ይበርድ ነበር። ሌላ የለም። እኔም ሌላ አልጠየቅኳቸውም።

ስለ ሸሚዙ ነግሬያቸዋለሁ። ብዕሩን አምጪው ብለውኛል፤ የቀረው የእሳቸው ነው።

ልጅዎ

አንተ ሰውዬ፣

አንገትጌው ይቀየራል፤ አትንካው።

ቤቱን ጠብቅ ያልኩህ ቁጣዬ እስኪወጣልኝ ነው። አሁን ወጥቶልኛል፤ ና። ስትመጣ ያንን የናፕኪን ሥዕል አርሜ እሰጥሃለሁ። መጨረሻው ብቻ ነው የተበላሸው።

ሚጡ ፀጉሯም ሳቋም የእናቷ ነው። ከእኔ የወሰደችው ነገር ቢኖር ይኸው ጂን ብቻ ነው። ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ ቁጭ አድርጌ የምነግራት እኔ ነኝ። ዕድሜ ካልሰጠኝ ደግሞ ለእናቷ ቃል በቃል አስጽፌያለሁ። ልጇን ባሳለው ቁጥር የምትወቅሰው ሰው እንዳትፈልግ፣ በጊዜ ወደ ሐኪም እንድትሮጥ።

አንተ ግን እንዳትቀድመኝ። አደራህን፣ በተለይ «ከእኔ ከወንዱ አያትሽ በኩል ነው» እንዳትላት።